የማህደር ደብተር

ሰማያዊ ሆነ። እንደገና ሆነ።
ዓረፍተ ነገሬ ግማሹ ባከነ።
«ችግር አጋጥሟል» ይላል ስክሪኑ፣
ቁጥርና ፊደል ደርድሮ በጎኑ።
ምን ችግር? የት? መቼ? አይናገር እሱ፤
ሐኪም ፊት እንዳፈረ በሽተኛ፣ ተሳስሯል ምላሱ።

ዊኒፔግ፣ በጥር፣ የምድር ቤት ኑሮ፤
መስኮቱን በረዶ እስካንገቱ ቀብሮ።
ከወይዘሮ ሃሊና ነው የገዛሁት፣ ባሏ ሞተና
ጋራዡን ስታጸዳ፣ ዕቃው ሲወጣ ጎዳና፤
በሃያ ዶላር ነው፤ «አርጅቷል» እያለችኝ
የማውዙን ምንጣፍ በላዩ መረቀችኝ።
ከዚያ ወዲህ ይኸው፣ ሦስት ወር ሙሉ፣
ይነሳል፣ ይወድቃል፤ አይገኝም ውሉ።

ቢተው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርገው» አለ፤
ፎርማት አደረግሁት፤ ሞት መች ተከለከለ።
ሮዴል ከላይ ቤት ወርዶ «ሙቀት ነው» ቢለኝ
ክዳኑን ፈታሁት፤ አቧራው አሳለኝ፤
ነጭ የድመት ጸጉር ፋኑን ተብትቦታል፣
ድመቷን አላውቃት፣ ጸጉሯ ግን ደርሶኛል።
በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ፣ በአፌም ነፋሁበት።
በራ። ደስ አለኝ።
ሻይ ላመጣ ሄጄ ስመለስ፣ ሞቷል።

ሁለት ራም ነበረው። አንዱን ነቀልሁና
በአንዱ ብቻ አስነሳሁ፤ ጠፋ እንደገና።
ያኛውን መለስሁ፣ ይህኛውን ነቀልሁ፤
እንደ ሰፈር ወጌሻ ደጋግሜ ዳሰስሁ።
የትውስታ እኩሌታ ተነቅሎም ይኖራል፤
ግማሹን ረስቶ ግማሹን ያወራል።
መርሳት አይደለማ የገደለው እሱን!

ማህደር ልጄ ናት፤ ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤
ካቻቢቴ ሳትነካ ነገሩን የፈታችው።
የሒሳብ ደብተሯን ከኋላው ገልብጣ
ሰዓት መዘገበች፣ እግሯን አነባብራ፣ ከጎኔ ተቀምጣ፦

ሰኞ። ሰባት ከዐሥራ ሁለት። አባዬ ተሳደበ።
ማክሰኞ። ስምንት ከሃያ። አባዬ መታው። አልተነሳም።
ረቡዕ። ሁለት ጊዜ። አባዬ ለመነው። ተነሳ።
ሐሙስ። ዘጠኝ ከሩብ። ግድግዳው እምምም አለ፣ ከዚያ ጠፋ።

«እምምም ማለት ምንድን ነው?» አልኋት።
«ዝም ካልክ ትሰማዋለህ።»
ዝም አልሁ። በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አልሁ።
ከደረጃው ሥር፣ ዓሣ ከታጨቀበት፣
ያ ግዙፍ ፍሪዘር ጉሮሮውን ጠረገበት፤
እምምም።
አምፖሉ ዓይኑን ጨፈነ፣ ለቅጽበት።
ሰማያዊ ሆነ።

«አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይላሉ፤
እኔ ግን አህያው መኖሩንም አላየሁ፤
ሦስት ወር ዳውላውን ፈትቼ ሰፋሁ።
አንድ ሽቦ ነው ለካ ሁለቱን የሚያጠጣ፤
ትልቁ ሲጎነጭ የትንሹ ነፍስ የምትወጣ።
ሌላ ሶኬት የለ፤ ምድር ቤቱ ባለ አንድ ነው።

ፍሪዘሩን ነቀልነው። ሌሊቱን ሙሉ በራ።

ዓርብ። አልሞተም።
ቅዳሜ። አልሞተም። አባዬ ይቅርታ ጠየቀው።

ዓሣውስ? ሮዴል የሐይቁን በረዶ ቦርቡሮ
ያወጣው፣ የሰጠን፣ በካርቶን ቆጥሮ?
በሩን ከፈትነው፤ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት።
ማህደር አየችኝ፣ እኔም አየኋት።
በበረዶ አገር ላይ በረዶ ለመሥራት
በየወሩ ስንከፍል ኖረናል የመብራት!
እንደዚያ ስቀን አናውቅም።

ይህን የምጽፈው በሱው ላይ ነው። ዐሥራ ሰባተኛ ቀኑ።
ጣቴ ግን ገና አላመነውም፤
በየስንኙ መጨረሻ ሴቭ አደርጋለሁ፣
አምፖሉን ቀና ብዬ አያለሁ፣
ዝም ብዬ አዳምጣለሁ።

ካርቶኑ ደጅ ነው፣ በረዶ ለብሶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት።
መጋቢት ሲመጣ
ወይ ዓሣውን ጠብሰን ሮዴልን እንጠራለን፣
ወይ ባለሙያ ጠርተን ሽቦውን እንለያለን።
ማህደር ለዚያ ቀን አንድ ገጽ አስምራ
ባዶውን ትታዋለች።